«ይቅር ተባባሉ» ካልኳቸው በኋላ ባሰበት፦ ለአንዲት የ7ኛ ክፍል መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ሆም ሩም ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 68 ተማሪዎች አሉ። ዘንድሮ ከገጠር መጥቶ አክስቱ ዘንድ የሚኖር ልጅ ገባ። አነጋገሩ ይለያል። መልስ ሲመልስ ክፍሉ ይስቃል፤ ስም አውጥተውለታል፤ ደብተሩን ይደብቁበታል፤ ሲለቀቅ መንገድ ላይ ይጠብቁታል። ዋናው አንድ ልጅ ነው፣ ሌሎቹ አጃቢ ናቸው። ሁለቱን ጠርቼ ‹ይቅር ተባባሉ› አልኳቸው፣ ተጨባበጡ። ከሳምንት በኋላ ባሰበት። የዋናውን ልጅ አባት አስጠራሁ፤ ቢሮ ውስጥ እፊቴ በቀበቶ ገረፈው። አሁን የሚያደርጉት ነገር አይታየኝም፤ ልጁ ግን ጭራሽ መናገር ትቷል፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይቀራል። ርዕሰ መምህሩ ‹የልጆች ነገር ነው፣ ሲያድጉ ይተዉታል› ይላሉ። ክፍል ላስቀይረው? ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

መምህርት፣ በመጀመሪያ የማይደግሙትን ልንገርዎ። ሁለቱን ልጆች አንድ ላይ አቁመው ዳግመኛ አያስታርቁ።

ይህን የምለው ሽምግልናን ለማጣጣል አይደለም። እኛ መምህራን ትምህርት ቤት ውስጥ የምናደርገው ነገር ሽምግልና ለመባል እንኳ የሚበቃ አይደለም። ሽማግሌ ሲቀመጥ አስቀድሞ ሁለቱንም ወገን ለየብቻ ይሰማል። በዳዩ ጥፋቱን በአፉ ያምናል። ካሳ ይቆረጣል። ዋስ ይጠራል፤ ነገ ቃሉን ቢያፈርስ የሚጠየቅ ሰው አለ ማለት ነው። መሳሳሙ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እኛ ግን በአንድ ረፍት ሰዓት ውስጥ ልጆቹን እንጠራና ማመኑንም፣ ካሳውንም፣ ዋሱንም ዘልለን የመጨረሻዋን መጨባበጥ ብቻ እንወስዳለን። «አንተም ተው፣ አንተም ተው» እንላለን። ለመሆኑ ያ ከገጠር የመጣ ልጅ ምኑን ይተው? አነጋገሩን?

በዚያች መጨባበጥ ሁለቱም ልጆች አንድ አንድ ነገር ተምረዋል። የሚያጠቃው ልጅ የሥራው ዋጋ እጅ መዘርጋት ብቻ እንደሆነ አውቋል። የሚጠቃው ደግሞ መምህርቱ እንኳ ግማሹን ጥፋት እሱ ላይ እንዳደረገችበት ተረድቷል። በሳምንቱ መባሱ ከዚህ የመጣ ነው እንጂ እርስዎ በቂ ስላልተቆጡ አይደለም።

እርቅ የሚሠራው ለጸብ ነው። ሁለት ልጆች በኳስ ተጣልተው፣ ሁለቱም ተሰዳድበው፣ ሁለቱም ተቧጭረው ሲመጡ ማስታረቅ ጥሩ ነው፤ ያድርጉት። የእርስዎ ክፍል ጉዳይ ግን ከጸብ ይለያል። ይህን ልዩነት በግልጽ ያስቀመጠው ተማሪዎች በእኩዮቻቸው ላይ ስለሚያደርሱት ጥቃት (ፈረንጆቹ «ቡሊንግ» ስለሚሉት) የሚደረገው ጥናት ጀማሪ የሚባለው ዳን ኦልቬዩስ ነው። ስዊድን ተወልዶ ኖርዌይ ውስጥ በርገን ላይ የሠራ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር። ለዚህ ጥቃት ሦስት መለያ ምልክት ሰጠ፦ ድርጊቱ ሆን ተብሎ የሚደረግ መሆኑ፣ መደጋገሙ፣ በሁለቱ መካከል የአቅም አለመመጣጠን መኖሩ። በፈረንጆቹ 1982 ሰሜን ኖርዌይ ውስጥ ሦስት ወንዶች ልጆች ራሳቸውን ሲያጠፉና ምክንያቱ የእኩዮቻቸው ጥቃት እንደነበር ሲገመት አገሪቱ ደነገጠች፤ በዓመቱ መንግሥት የኦልቬዩስን ሥራ መነሻ ያደረገ አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመረ። ዛሬ በየአገሩ ከሚታዩት ጥቃት መከላከያ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ከዚያ የተቀዱ ወይም ከዚያ የተማሩ ናቸው።

ሦስተኛው ምልክት እኛ ዘንድ ብዙ መልክ አለው። የአንድ ሰባተኛ ክፍል መቀመጫ ላይ የ12 ዓመት ልጅና የ17 ዓመት ጎረምሳ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አቅም ግን በክንድ ብቻ አይለካም። ሰፈሩ ልጅ የሚበዛበት፣ ታላቅ ወንድሙ በዚያው ግቢ የሚማር፣ ጫማው አዲስ የሆነ፣ አፉ የሚፈጥን ልጅ ሁሉ አቅም አለው። ከሲታ ሆኖ ሙድ በመያዝ ብቻ ክፍሉን የሚያዝ ልጅ አይተው ይሆናል። የእርስዎ ተማሪ በአንጻሩ ብቻውን ነው፣ አዲስ ነው፣ አንደበቱን በከፈተ ቁጥር ይለያል። ሦስቱም ምልክቶች ተሟልተዋል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ጉዳዩን እንደ ጸብ አይያዙት፤ ከልጆቹም ጋር ሲነጋገሩ «ጸባችሁ» አይበሉ።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ስም መጥሪያውን ያውጡና የቀረባቸውን ቀናት ይዩ። በሳምንት ሁለት ቀን ይቀራል ብለዋል፤ የትኞቹ ሁለት ቀናት ናቸው? ሰውነት ማጎልመሻ ያለበት ቀን ከሆነ አንድ ነገር ይነግርዎታል፤ ልብስ የሚቀየርበትና ቡድን የሚመረጥበት ክፍለ ጊዜ ነውና። የቡድን ሥራ የሚቀርብበት ቀን ከሆነም ሌላ ነገር ይነግርዎታል። የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ የአክስቱ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ከአክስቱ ጋር የሚነጋገሩት ሌላ ነው። «አይታየኝም» ያሉት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ላይ ይታያል።

ቀጥሎ ልጁን ያነጋግሩ፤ ግን ከክፍሉ ፊት «አንተ፣ ና» ብለው አይጥሩት። ለምን እንደማይናገር ያውቁታል፤ በእኛ ትምህርት ቤት ከሌባ ይልቅ የሚናቀው አሳባቂ ነው። ሰው እያየው ወደ እርስዎ ከመጣ በመንገድ ላይ ይከፍልበታል። ደብተር ሰብስቦ ስታፍ ድረስ እንዲያደርስ ይላኩት፤ ደብተር የሚሸከም ተማሪ ማንም አይጠራጠረውም። እዚያም ፈንጠር ባለ ቦታ ያስቀምጡትና የታዘቡትን ይንገሩት፦ «መልስ ስትመልስ እንደሚስቁ አይቻለሁ። ደብተርህ ሁለት ጊዜ እንደጠፋ አውቃለሁ። ይህ ያንተ ጥፋት አይደለም።» ከዚያ የት፣ መቼ፣ ማን ማን በነበረበት እንደሆነ ይጠይቁት። አንዲት ጥያቄ እንዳትረሳ፦ «የማይስቀው ማን ነው?» ይህች ጥያቄ በኋላ ትጠቅመናለች።

«ለምን ቶሎ አልነገርከኝም?» አይበሉት። «አንተስ ምን አድርገሃቸው ነው?» ከዚህ የባሰ ነው። «ለማንም አልናገርም» ብለውም አይማሉ፤ መናገር ግድ የሚሆንበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ሊገቡለት የሚችሉት ቃል ሌላ ነው፦ «አንተ እንደነገርከኝ አልናገርም፤ የማነሣው እኔ ራሴ ያየሁትን ነው። የማደርገውንም ከማድረጌ በፊት እነግርሃለሁ።» ይህን ቃል ከጠበቁ ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ይመጣል። ብዙው እውነት የሚወጣውም በሁለተኛው ጊዜ ነው። የሰሙትን በአንድ ደብተር ላይ ቀን፣ ቦታ፣ የሆነውን ነገር ብለው በሁለት መስመር ይጻፉ። የግል አስተያየትዎን አይጨምሩበት፤ ደብተሩ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ስትነጋገሩ ያስፈልጋል።

ጊዜዎን ከሁሉ በላይ ማዋል ያለብዎት ግን ተመልካቹ ላይ ነው። ብዙ መምህራን ይህን ክፍል ይዘሉታል። ዓይናችን አጥቂውና ተጠቂው ላይ ይተከልና የቀሩትን 66 ልጆች እንረሳቸዋለን።

ካናዳ ውስጥ ዴብራ ፔፕለርና ዌንዲ ክሬግ የተባሉ ተመራማሪዎች በቶሮንቶ ትምህርት ቤቶች ካሜራና ማይክሮፎን ተጠቅመው ልጆች ሜዳ ላይ የሚያደርጉትን ቀርጸው ነበር። በሜዳው ላይ ከታዩት ጥቃቶች መምህራን ገብተው ያስቆሙት 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። መምህራኑ ሰነፎች ሆነው ሳይሆን አብዛኛው ነገር የሚሆነው እነሱ ዘወር ሲሉ ስለሆነ ነው። ሌሎች ልጆች ግን ከ10ሩ በ8ቱ በላይ በቦታው ነበሩ። አንድ ልጅ «ተወው» ብሎ ሲገባ ደግሞ ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ፣ በ57 በመቶው፣ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ፊንላንድ ውስጥ ቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ያለችው ክርስቲና ሳልሚቫሊም ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ አሳየች፦ ከመሪው ጎን የሚያግዝ አለ፣ እጁን ሳያነሣ በሳቁ የሚያሟሙቅ አለ፣ ዳር ቆሞ የሚያይ አለ፣ የሚከላከልም አለ። ኪቫ የሚባለው የፊንላንድ ፕሮግራም የቆመው መሪውን ከመለወጥ አሟሟቂውንና ዳር ቋሚውን መለወጥ ይቀላል በሚል ሐሳብ ላይ ነው።

እኔም በዚህ እስማማለሁ። ለመሪው ልጅ የክፍሉ ሳቅ ደመወዙ ነው፤ ደመወዝ ካልተከፈለው ሥራውን አይቀጥልም። የእርስዎ ድርሻ ደመወዙን መቁረጥ ነው።

ክፍል ውስጥ ይህ እንዲህ ይሠራል። ማንም ተማሪ ሲመልስ ሳቅ ከተነሣ ያቁሙ። አይቆጡ፣ ስብከትም አይጀምሩ። ሳቁ እስኪያልቅ ዝም ይበሉና «ጥያቄው ምን ነበር? የተመለሰውስ ምንድን ነው?» ብለው አንድ ከሳቁት መካከል ይጠይቁ። ያዳመጠ ሰው መመለስ አለበት፤ የሳቀ አብዛኛውን ጊዜ አልሰማም። ከዚያ ትምህርቱን ይቀጥሉ። ይህን ለዚያ ልጅ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም፣ በየቀኑ፣ ሳይሰለቹ ያድርጉት። ለእሱ ብቻ ካደረጉት «የቲቸር ልጅ» ይባላል፣ አዲስ ስም ይጨመርለታል።

ስለ ልጁ ሰልፍ ላይ እንዳይናገሩ፣ ሚኒ ሚዲያም ላይ ድራማ እንዳያሠሩበት። ስም ባይጠራም ግቢው ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል።

ከክፍል ውጭ ደግሞ ሦስት ወይም አራት ልጆች ይምረጡ። «የማይስቀው ማን ነው?» ያልነው ለዚህ ነው። ከማይስቁት መካከል ክፍሉ የሚያከብራቸውን ይፈልጉ፦ ኳስ የሚችል፣ ደረጃ የሚወጣ፣ ቀልድ የሚያውቅ፣ ከሴቶቹም ቃሏ የሚሰማ። አንድ በአንድ ለየብቻ ጠርተው «ይህ ልጅ እየተቸገረ ነው፤ አንተ ምን ልታግዘው ትችላለህ?» ይበሉ። መልሱን እነሱ ያምጡት። «አብሬው ወደ ቤት ልሂድ፣ መንገዳችን አንድ ነው» ይልዎታል አንዱ፤ ሌላዋ «ቡድናችን ውስጥ ይግባ» ትላለች። ትንሽ ነገር ይበቃል። እንዲጣሉለት አይጠይቋቸው፤ ጠባቂ ሳይሆን ጓደኛ ነው የሚያስፈልገው። አንዱ ልጅ ተስማምቶ አንድ ሳምንት ብቻ ቢያደርገው እንኳ ከመንገድ ላይ ጥበቃው አብዛኛው ይቀራል፤ ሁለት ሰው የሚጠብቅ ጉልበተኛ ብዙ የለም።

ይህን ሥራ ለክፍል አለቃ ብቻ አይስጡ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ «የሚረብሹ» ብሎ ስም የሚጽፍ አለቃ ራሱ ሌላ ባለሥልጣን ነው። በእስክሪብቶና በዳቦ ስም የሚሰርዝ አለቃ በየትኛው ትምህርት ቤት የለም?

መቀመጫም ይለውጡ። መሪውን ወደ ፊት፣ አጃቢዎቹን በተለያየ ረድፍ፣ ልጁን ከመረጧቸው ከአንዱ ጎን። 68 ተማሪ ባለበት ክፍል ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው እንደሚቀመጡ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሙሉውን ክፍል በአንድ ጊዜ ያሸጋሽጉ፣ በፈተና ማግስት ቢሆን ይመረጣል። የእሱን ቦታ ብቻ ከቀየሩ ሁሉም ይገባዋል።

መሪውን ልጅ ወደ ማነጋገር የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። አጃቢዎቹን መጀመሪያ፣ እያንዳንዱን ለብቻው፣ በአንድ ጠዋት ተራ በተራ ይጥሩ፤ ተነጋግረው ቃል እንዳያስተካክሉ። እሱን በመጨረሻ። «ለምን?» ብለው አይጀምሩ፤ ለምን ለሚባል ጥያቄ የ14 ዓመት ልጅ እውነተኛ መልስ የለውም፣ ውሸት ነው የሚያመርተው። ያዩትን ይንገሩት፦ «ማክሰኞ ደብተሩን ወደ ኋላ ስታሳልፍ አይቻለሁ። ሐሙስ በር ላይ ቆማችሁ ነበር።» «ቀልድ ነው፣ ሙድ ይዤበት ነው» ይልዎታል፣ እርግጠኛ ነኝ። «ቀልድ ቢሆን እሱም ይስቅ ነበር» ይበሉትና ይለፉ። አይከራከሩ።

ከዚህ ላይ ከሽምግልናው የዘለልነውን መልሰን እናምጣ። ካሳ፦ የቀደደውን ደብተር ይተካል፣ የወሰደውን ይመልሳል። የሚመልሰውም ለእርስዎ እንጂ ለልጁ እጅ በእጅ አይደለም። ዋስ፦ ከጓደኞቹ ሁለቱን ራሱ ይጥራ። በእርስዎ ፊት «እኛ እናየዋለን» ይበሉ። እነዚህ ሁለት ልጆች ትናንት ሳቂ ነበሩ፤ ዛሬ ቃል ያለባቸው ሆኑ። የሳልሚቫሊን ጥናት ሳያነብ አያቴም ይህን ዘዴ ያውቀው ነበር። ይቅርታ ግን አያስገድዱ። ልጁ ይቅርታ መቀበል ካልፈለገ መብቱ ነው፤ ጓደኛ መሆን አይጠበቅባቸውም፣ አንዱ ሌላውን መተው ብቻ ይበቃል።

ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ የተከራከሩበት ነገር አለ። አንዱ ወገን አጥቂውን በግልጽ «ይህ ጥፋት ነው፣ አሁን ይቁም» በሉት ይላል። ሌላው፣ የስዊድኑ አናቶል ፒካስ የጀመረው፣ ሳትወቅሱ በልጁ ችግር ላይ አብራችሁ አስቡ ይላል። ፊንላንዶች ሁለቱንም ሞክረው በአጠቃላይ ሲታይ ሰፊ ልዩነት አላገኙም። በእኔ እምነት ለእርስዎ የሚሻለው ለባሕርይዎ የሚስማማው ነው። መቆጣት የማይችል መምህር የተቆጣ ሲመስል ልጆች ይስቁበታል። ዋናው ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሶ መጥራት ነው። ብዙ መምህር አንድ ጊዜ ያነጋግርና ይተወዋል፤ ልጆቹም ይህን ስለሚያውቁ ሳምንቷ እስክታልፍ ይታገሣሉ።

የአባትየውን ነገር ሳነብ አዘንኩ፤ እርስዎም እንደደነገጡ ይገባኛል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርት ቤት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ጎማና ኩርኩም ግን በየግቢው እንዳሉ ናቸው፤ ቢሮ ውስጥ ቀበቶ የፈታ አባትም «ጎበዝ አባት» ተብሎ ይሸኛል። ከሕጉ ውጭ በሥራው ሚዛንም ሲታይ ግርፋቱ ጎድቶናል። የተገረፈው ልጅ የተማረው ጉልበት ያለው ጉልበት የሌለውን መምታት እንደሚችል ነው፤ ይህን ደግሞ ቀድሞም ያውቀዋል። የግርፋቱንም ጠባሳ የሚቆጥረው በዚያ ልጅ ላይ ነው። ጥቃቱ ከዓይንዎ የተሰወረውም፣ ልጁ ዝም ያለውም ለዚህ ይመስለኛል። ጥቃቱ አልቆመም፣ ተደብቆ ነው የሚቀጥለው።

አባትየውን እንደገና መጥራት ያስፈልግዎታል፤ በዚህ ጊዜ ግን ከበሩ ላይ «የጠራሁዎት እንዲቀጡልኝ አይደለም፣ እንዲረዱኝ ነው» ብለው ይጀምሩ። ልጁ በሌለበት ያነጋግሯቸው። የሚጠይቋቸው ቀላል ነገር ይሁን፦ ከትምህርት ቤት በኋላ በስንት ሰዓት ቤት እንደሚደርስ እንዲከታተሉ። በር ላይ ቆሞ ሰው የሚጠብቅ ልጅ ቤቱ ዘግይቶ ይገባል። ከሁለት ሳምንት በኋላም ልጁ ትንሽ እንኳ ከተሻለ ደውለው ይንገሯቸው። ከትምህርት ቤት ተደውሎ ደግ ነገር ሰምተው የማያውቁ አባት ናቸው ብዬ እገምታለሁ። የሁለቱን ልጆች ወላጆች ግን አንድ ክፍል ውስጥ አያገናኙ፤ የልጆቹ ነገር የጎረቤት ጠብ ይሆናል።

ስለ ራሳችንም አንድ ነገር ልበል፤ ደስ አይልም። ልጆቹ ማን ላይ መሳቅ እንደሚቻል ብዙ ጊዜ የሚማሩት ከእኛ ነው። «አንተ ረጅሙ»፣ «የኋላው ወፍራም»፣ አነጋገርን አስመስሎ መድገም፣ ውጤት ሲነገር ከመጨረሻ የወጣውን በስሙ መጥራት፤ ይህን ሁሉ የምናደርገው በፍቅር ነው ብለን እናስባለን። ከባልደረቦችዎ አንዱ ይህን ልጅ በአነጋገሩ እየቀለደበት እንዳይሆን ቀስ ብለው ያጣሩ። ደግሞ በተቃራኒው፣ ልጁን ለማቅረብ ብለው «ስለ ገጠር ንገረን» ብለው ክፍሉ ፊት አያቁሙት። እሱ ማሳያ መሆን አይፈልግም። ለአሁኑ በአንደበቱ ሳይሆን በእጁ ይግባ፦ የሒሳብ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይሥራ፣ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር በጥንድ ይነጋገር። ክፍሉ ፊት መናገር ሲመለስ በራሱ ጊዜ ይመለሳል።

ግቢው ውስጥ ያሉትን ቦታዎች ለማወቅ ለሁሉም ተማሪ ቁራጭ ወረቀት ይስጡና ስም ሳይጽፉ የማይወዱትን የግቢ ቦታ እንዲጽፉ ያድርጉ። ውጤቱን ከአሁኑ ልገምት፦ ሽንት ቤቱ ጀርባ፣ የውሃው ቧንቧ፣ ምገባ ካለ የምሳው ሰልፍ፣ ፈረቃ ካለ ደግሞ የጠዋቱ ሲወጣ የከሰዓቱ ሲገባ ያለችው ሩብ ሰዓት። ተረኛ መምህር መቆም ያለበት እዚያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚቆመው ጥላ ባለበት ነው። የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ካለም ይጠይቁ፤ ክፍል ውስጥ ጠፋ የተባለው ስም እዚያ ላይ በፎቶና በስቲከር ተለጥፎ ሊያገኙት ይችላሉ። እርስዎ ገብተው አይሰልሉ፤ የግሩፑን ባለቤት ጠርተው እንዲያነሣ ያድርጉ፣ ከመነሣቱ በፊት ግን ስክሪን ሾት ይያዙ።

ርዕሰ መምህሩን «የልጆች ነገር ነው» ከሚለው ቦታ ለማንቀሳቀስ የልጁን ስቃይ መተረክ ብቻ የሚበቃ አይመስለኝም። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ በአንድ ወር ውስጥ በእኩዮቹ ጥቃት እንደደረሰበት ተናግሯል ቢሏቸውም «አየሽ፣ የትም አለ» ሊሉዎት ይችላሉ። የሚያንቀሳቅሳቸው ቀሪና ማቋረጥ ነው፤ በሪፖርት ወደ ወረዳ የሚሄድ፣ እሳቸው የሚጠየቁበት ቁጥር ነውና። ደብተርዎን ወደ አንድ ገጽ ያጥፉት፦ በዚህ ወር ስንት ቀን ቀረ፣ ምን ሆነ፣ ምን አደረግሁ፣ ከእርስዎ ምን እፈልጋለሁ። የሚጠይቁትም የሚቻል ይሁን። በመውጫ ሰዓት በር ላይ የሚቆም አንድ መምህር፣ ዩኒት ሊደሩ በሁለተኛው ጥሪ ላይ አብረዎት እንዲገኙ፣ ጉዳዩም ያለ ልጁ ስም በሚቀጥለው የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት ስብሰባ አጀንዳ እንዲሆን። በጽሑፍ ይስጡ፣ ቅጂ ያስቀሩ።

ክፍል ስለማስቀየር፦ ለአሁኑ አልመክርም። ሴክሽኑ ቢቀየር ግቢው ያው ነው፣ ረፍቱ ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው። ስሙ ከእሱ ቀድሞ አዲሱ ክፍል ይደርሳል፤ ገና የጀመረለትንም አንድ ጓደኛ ያጣል። ሁለት ሁኔታ ግን ሐሳቤን ያስቀይረኛል። ልጁ ራሱ ከጠየቀ፣ ወይም ከላይ ያለውን ሁሉ አድርገው በአንድ ወር ውስጥ ካልተለወጠ። በሁለተኛው ሁኔታ መዛወር ያለበት የሚያጠቃው ነው።

ብቻዎን የማይዙት ጉዳይም አለ። ስለት፣ ገንዘብ መቀማት፣ ሴት ተማሪዎችን መነካካት ወይም ማስፈራራት ካለ የሆም ሩም ሥራ አልፏል፤ በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ፣ እንደ ሁኔታውም ለሥርዓተ ጾታ ተጠሪዋና ለፖሊስ መድረስ አለበት። ለከፋን «የወንድ ልጅ ጠባይ» ብሎ የሚያልፍ ግቢ ብዙ ስለሆነ ይህን አጠንክሬ እናገራለሁ። ሌላው የልጁ ዝምታ ነው። መናገር የተወ፣ መቅረት የጀመረ ልጅ ካልበላ፣ ካልተኛ፣ ዕቃውን ለሌላ መስጠት ከጀመረ፣ ወይም «ባልኖርስ» የሚል ቃል ከወጣው፣ በቀጥታ «መሞት ታስባለህ ወይ?» ብለው ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርበትም፤ የሚያስብ ከሆነ ሰው ስላገኘ ይቀለዋል። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻውን አይተዉት፤ አክስቱን ጠርተው በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ።

ለ68 ተማሪ ሆም ሩም ሆኖ፣ በሳምንት ከ20 በላይ ክፍለ ጊዜ እያስተማሩ ይህን ሁሉ አድርጉ ማለት እንደሚከብድ አላጣሁትም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ሳምንት አይጀምሩ። በዚህ ሳምንት ስም መጥሪያው፣ የልጁ ንግግርና የክፍሉ ሳቅ ይበቃሉ። በሚቀጥለው ጓደኞቹና መቀመጫው። ከዚያ አጃቢዎቹና መሪው፤ አባትየውና ርዕሰ መምህሩ በሦስተኛው ሳምንት ይደርሳሉ። ልጁ የሚመለሰው ቀስ ብሎ ስለሆነ መሻሻሉን በንግግሩ አይለኩ፤ በስም መጥሪያው ይለኩት። በሳምንት ሁለት ቀን የሚቀር የነበረ ልጅ አንድ ቀን ብቻ ከቀረ እየሠራ ነው፣ ይቀጥሉ።

ደብተሩን ሰኔ ላይ አይጣሉት። የ8ኛ ክፍል ሆም ሩም ለሚሆነው መምህር በእጅ ያስረክቡ። የሴክሽን ድልድሉ ከመለጠፉ በፊትም መሪውና ልጁ አንድ ክፍል እንዳይመደቡ፣ አብሮት ወደ ቤት የሚሄደው ጓደኛው ግን ከእሱ እንዳይነጠል ለዩኒት ሊደሩ ይናገሩ።